ለልዕልቲቱ የተሠራው ሥዕል፦ የሠዓሊ ማስረሻ ወልደ ሩፋኤል ዜና ሕይወት

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ቦታ ጠቧችሁ በአጥሩ ጥግ የቆማችሁ፣ ከጨፋ ሮቢትም ከባቲም ከኮምቦልቻም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ አስከሬናቸው ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሸኘቱ በፊት የሠዓሊ ማስረሻ ወልደ ሩፋኤልን ሕይወት አብረን እንድንሰማ ቤተሰባቸው ስለ ፈለገ፣ ጥቂት ጆሮ አውሱን። ይህን የጻፍነው አጥር የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነን። ወይዘሮ ምንዳዬ "ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ" ብለው ነው ለእኛ የሰጡን፤ እውነታቸውን ነው፣ የቆርቆሮ አጥር ገመና አይሸፍንም። ጽሑፋችን እንደ ተማረ ሰው ጽሑፍ የተቀመመ ባይሆንም፣ ያየነውን እንጂ ያላየነውን አልጻፍንም፤ የሰማነውንም "ሰምተናል" ብለን ነው የጻፍነው።

ሠዓሊ ማስረሻ በ1944 ዓ.ም. ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ከአባታቸው ከአለቃ ወልደ ሩፋኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ተወለዱ። አባታቸው የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ ሲሥሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ማስረሻም ገና በልጅነታቸው ቀለም እየበጠበጡ፣ አቡጀዲ እየወጠሩ፣ አባታቸው ከፍ ብለው ሲሠሩ ከሥር መሰላሉን ይዘው እያንጋጠጡ አደጉ። ከአባታቸው የወረሱት መሬትና ከብት ሳይሆን ሁለት ሕግ ነበር። አንደኛው፣ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዓይን የሚገባው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ዓይኑ ያልገባለት ሥዕል ገና ጨርቅ ነው የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሠዓሊ ማስረሻ ለእኛም ለልጆቻችንም፣ አጥር ተደግፎ ሲሠሩ ለሚያያቸው ሁሉ ሲናገሩ ስለ ኖሩ፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለንም፤ ቢሆንም ኋላ ስለሚያስፈልገን ጻፍናቸው።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደሴ አጎታቸው ዘንድ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚያሥል ጠፍቶ፣ ዘመኑም የመፈክር ዘመን ሆኖ ስለ ጠበቃቸው፣ የመላእክት ክንፍ የለመደ እጃቸው በኮምቦልቻ ግድግዳዎች ላይ ጡጫና ማጭድ ሲሥል ከረመ። "ጡጫ መሣል ቀላል ነው፤ ዓይን የለውም" ይሉ ነበር፣ ያን ጊዜ ሲያነሡ።

ወይዘሮ ምንዳዬን ያገኟቸው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ወይዘሮ ምንዳዬ ለሻይ ቤታቸው ታፔላ ሊያሠሩ ቢመጡ፣ ሠዓሊ ማስረሻ "ምንዳዬ" የሚለውን እንደ በር አግዝፈው ጽፈው "ሻይ ቤት" የሚለው ቦታ ስላጣ ከታች በጥቃቅን ፊደል አስገቡት፤ መንገደኛውም ሻይ መኖሩን ሳያውቅ ምንዳዬ ማን እንደ ሆነች ሊጠይቅ እየገባ ቢያስቸግር፣ "እንግዲህ ያስለመድከውን ሰው አንተው መልስልኝ" ብለው ተጣሏቸው፣ በዚያው ታረቁ፣ በ1974 ዓ.ም. ተጋቡ። መሲንና ደርቤን ወለዱ።

ከሚሴ የዞን ከተማ ሆና መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታፔላ ሲያስፈልገው፣ በ1986 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው መጥተው ይህን ግቢ ተከራዩ፣ ቆይተውም ገዙት። ያኔ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። የተጻፈ ሰጥተዋቸው ፊደሉን አንድ በአንድ እያዩ ይገለብጡ ነበር እንጂ፣ ምን እንደ ጻፉ የሚያውቁት ታፔላው ተሰቅሎ ሰው ሲያነብላቸው ነው። አፋቸውን ያስፈታቸው የጨፋ ሮቢቱ ገበሬ አያ ሲራጅ ናቸው።

አያ ሲራጅ እህል በፈረስ ጋሪ እየጫኑ ከሚሴ ገበያ የሚመጡ ሰው ናቸው። አዲስ ጋሪያቸውን ቀለም ሊያስቀቡ መጥተው በር ላይ ቆመው፣ "አበባ አድርግልኝ፤ ነፍስ ያለው ነገር ግን እንዳትሥልብኝ፤ ነፍስ ያለው ፈረሱ ይበቃኛል" አሉ። ሠዓሊ ማስረሻም ጋሪውን በአበባ አልብሰው ሲያበቁ፣ እጃቸው አላርፍ ብሎ አንዱ አበባ ላይ ንብ የምትመስል ነገር ጣል አደረጉ። አያ ሲራጅ ጎንበስ ብለው አዩና፣

"ይቺ ንብ አይደለችም?" አሉ።

"የለም፣ የደረቀ አበባ ነው።"

"የደረቀ አበባ ክንፍ አለው?"

"በጨፋ ነፋስ የማይበር ምን አለ!"

አያ ሲራጅ ሳቁ። "ውሸታም ነህ፣ ሂሪያ ኮ" አሉ። ሂሪያ ኮ ማለት ጓደኛዬ ማለት ነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ንቧንም አላስጠፏትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች የሚላላኩትን እኛ አጥር ለአጥር ቆመን ስናይ ኖረናል። ለፋሲካ አያ ሲራጅ በግ ከነነፍሱ ያመጣሉ፣ ቢላውን ለባለቤቱ ትተው፤ ለዒድ ደግሞ የሠዓሊ ማስረሻ ቤተሰብ ጨፋ ወርዶ፣ ሥጋው ቀርቶበት፣ የአያ ሲራጅ ባለቤት እታለም ሰሊማ ገንፎ በቅቤ ሠርተው ያስተናግዱታል። ከሁሉ ይልቅ ግን እሸቱ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአያ ሲራጅ ማሽላ እሸት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዛላ ከቤታቸው ምድጃ በፊት እዚህ ይመጣ ነበር። "እሸት ሳይዙ የሰው በር አይረገጥም" ይላሉ አያ ሲራጅ፤ ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም። እኛ ጎረቤቶችም ከፍሙ ዙሪያ ድርሻችንን ስንፈለፍል ስለ ነበር፣ ቅናት ቢኖርብን እንኳ በጥርሳችን ውስጥ ቀርቷል።

አሁን ወደሚከብደው እንመጣለን፤ ቤተሰቡም ይጻፍ ብሏል።

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከባሕር ማዶ ከአንዲት ንጉሥ ያላት አገር ልዕልት ትመጣለች ተባለ። ስሟን በአፋችን ማዞር ስላቃተን "ልዕልቲቱ" ብለን ተገላገልን። በእሷ ስም የሚጠራ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቦኖ ተክሎ ነበርና፣ ያንን ልትመርቅ ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረበት መሬት የአያ ሲራጅ ነው፤ ከማሽላ ማሳቸው ላይ ቆርሰው የሰጡት፣ "ውሃ የሚከለክል ሰው ምን ይዞ ነው አላህ ፊት የሚቆመው" ብለው ነው።

ለአቀባበሉ አንድ ትልቅ ምሳሌያዊ ሥዕል እንዲሠራ ሠዓሊ ማስረሻ ታዘዙ። ይህን ትእዛዝ የሰሙ ዕለት እንዴት እንደ ሆኑ ያየ አይረሳውም። ዕድሜ ልካቸውን "ግብርና ጽሕፈት ቤት"፣ "ሥጋ ቤት"፣ "ማጨስ ክልክል ነው" ሲጽፉ የኖሩት ሰው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥረው ዘፈኑ። እውነታችንን ነው፣ ዘፈኑ።

ሥዕሉ እንዲህ ነበር። መሐሉ ላይ ልዕልቲቱ በዙፋን ተቀምጣ ከምድር በታች የተዘጋውን ውሃ የሚከፍት ቁልፍ ይዛለች። በእግሯ ሥር ቦርከና ወንዝ በልጃገረድ ተመስላ እንስራዋን ዘቅዝቃ ታፈሳለች፤ ፊቷ የመሲ ነበር። በቀኝ በኩል የጨፋ ሸለቆ በወላድ እናት ተመስላ የማሽላ ነዶ እንደ ሕፃን ታቅፋለች፤ ፊቷ የወይዘሮ ምንዳዬ ነበር፣ ወይዘሮ ምንዳዬም "ይህን ያህል ወፍሬያለሁ?" ብለው አኩርፈዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ጥም አለ፤ የከሳ፣ ምላሱ የተንጠለጠለ፣ በጎን ዞሮ የሚሸሽ፣ በአባታቸው ሕግ አንድ ዓይን ብቻ ያለው። በግራ በኩል ግን ቦታው ባዶ ነበር። እዚያ የሚቆመው ወተት በጮጮ ይዞ እንግዳን የሚቀበለው ባላገር፣ አገሩ ራሱ ነው። ለሠዓሊ ማስረሻም ከአንድ ሰው ፊት በስተቀር አልታያቸው አለ።

አያ ሲራጅ መጀመሪያ "እምቢ" አሉ። "ጋሪዬ ላይ ያልፈቀድኩትን ፊቴ ላይ ልፍቀድ?"

"ያላንተ ፊት ይህ ሥዕል ውሸት ነው" አሏቸው ሠዓሊ ማስረሻ። "መሬቱን የሰጠኸው አንተ፣ የሚቀበላት ሌላ? አያ ሲራጅ፣ በሁለት ዓይንህ ፊት ለፊት ነው የማቆምህ። አባቴ ጻድቃንን እንደሚያቆማቸው።"

የአጎታቸው ልጆች "ሲራጅ ፊቱን ለሥዕል ሰጠ" እያሉ ሲያንሾካሹኩባቸው እየሰሙ፣ አያ ሲራጅ ግን ለወዳጃቸው ሲሉ መጡ። እዚህ ግቢ፣ አሁን ድንኳኑ የተተከለበት ላይ፣ ወንበር ተደርጎላቸው ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀመጡ። "የጎደለ ጥርሴን እንዳታሳይ፤ ሰሊማ አይታ ትስቅብኛለች" ይላሉ፣ ሠዓሊ ማስረሻም "አፍህን ዝጋና ጥርስህ አይታይም" ይሏቸዋል። ሥዕሉ ሲያልቅ እኛም ገብተን አየነው። አያ ሲራጅ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው ከጨርቁ ላይ ሲያዩን፣ አንዳንዶቻችን ሳናስበው ነጠላችንን አስተካክለናል።

ልዕልቲቱ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ግን ዝግጅቱን የያዘው ኃላፊ ሊያይ መጣ። ሥዕሉን ወደደው፤ አያ ሲራጅ ጋ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ሰውዬ ለምንድነው እኛ ላይ የሚያፈጠው? እንግዳዋ እዚያ ተቀምጣ እሱ ፊት ነስቷታል። ነገ ፎቶ ሲነሣ ምን ይባላል? ወደ እሷ አዙረው።"

"ጌታዬ፣ ከዞረ አንድ ዓይን ይሆናል" አሉ ሠዓሊ ማስረሻ።

"ቢሆንስ? ሁለተኛው በዚያ በኩል እንዳለ ማን ያጣዋል!"

ሠዓሊ ማስረሻ አልተከራከሩም። ስለዚህ ነገር ኋላ ብዙ ተናግረዋል። ሥዕሉ እንዳይቀርባቸው ፈርተው ነበር፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያገኙት አንድ ሥዕል ነበርና። ብሩሻቸውን አንሥተው ሁለቱን ዓይን አጠፉ፤ አያ ሲራጅን በጎን አዙረው፣ አንዱን ዓይን ብቻ አስቀሩ።

ከሁሉ የሚቆጨው ቀጥሎ የሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ አያ ሲራጅ ከገበያ ሲመለሱ ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው፣ "አልጨረስክም? እስቲ ልየኝ" ብለው ገቡ። ሠዓሊ ማስረሻ አንሶላ ስበው ሥዕሉን ሸፈኑት። "ነገ ከሰው ጋር ታየዋለህ፤ ሙሽራ ቀድሞ አይታይም" አሏቸው፣ እየሳቁ። አያ ሲራጅም ሳቁ፣ ሄዱ። ያን ጊዜ አንሶላውን ገልጠው "እንዲህ አዘውኝ እንዲህ ሆኗል" ቢሏቸው ኖሮ፣ አያ ሲራጅ የሚቀየሙ ሰው አልነበሩም፤ ምናልባትም "ተወኝ፣ ጭራሽ አጥፋኝ" ይሉና ነገሩ በሳቅ ባለቀ። ይህን የምንለው እኛ አይደለንም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ በታመሙ ጊዜ።

በማግስቱ የጨፋ ሰው፣ የከሚሴ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቦኖው ዙሪያ ተሰበሰበ። አያ ሲራጅ ነጭ ለብሰው፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ወተት የሞላ ጮጮ ይዘው ፊት ቆሙ። መጋረጃው ሲገለጥ መጀመሪያ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ከኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለክፋት እንኳ አይመስለንም፣ ቀልድ አምልጦት፣ "ውይ ማስረሻ! አያ ሲራጅን ከይሁዳ ጋር አሰለፋቸው እኮ!" አለ፣ በዚያ በኩል ያለውም ሳቀ። በዚህ በኩል ደግሞ የኛዎቹ ጎረምሶች "ደጃል! አንድ ዓይናው ደጃል!" እያሉ መንጫጫት ጀመሩ። ደጃል በመጨረሻው ዘመን ይመጣል የሚባለው አንድ ዓይናው አሳሳች ነው፤ እኛ ሙስሊሞቹ ልጅ የምናስፈራራበት። እንግዲህ ለአንዱ ይሁዳ ለሌላው ደጃል ሆነው፣ አያ ሲራጅ ፊታቸውን ለወዳጅነት በሰጡበት ሜዳ የሁለት ሃይማኖት መሳቂያ ሆኑ። ቀና ብለው ጥግ ላይ ያለውን የጥምን አንድ ዓይን አዩ፣ ቀጥሎም የራሳቸውን አንድ ዓይን አዩ። ከዚያ ሠዓሊ ማስረሻን አዩ። ሠዓሊ ማስረሻም መሬት አዩ።

አያ ሲራጅ ጮጮውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ። ወተቱን ለልዕልቲቱ ያቀበለው ሌላ ሰው ነው። ልዕልቲቱም ሥዕሉን አየች፣ ፈገግ አለች፣ አስተርጓሚው "በጣም ታመሰግናለች" አለ፤ ልትወስደው ታስቦ የነበረ ቢሆንም ከመኪናው ስላልገባ ፎቶ አንሥታው ሄደች። እንግዲህ ይህን ያህል ነበር። አቧራው ገና ሳይሰክን የሁለት ሰዎች ወዳጅነት አብሮ ሄደ።

የዚያን ሰሞን ወይዘሮ ምንዳዬ "አንተዬ፣ ሂድና እግሩ ሥር ውደቅ፤ ዛሬ ካልሄድክ ነገ ይከብድሃል" ብለው ሲለምኗቸው ሰምተናል። ሠዓሊ ማስረሻ ግን "ሥዕል የማያውቅ ሰው በሳቀ እኔ ምን አጠፋሁ? አዘውኝ ነው" አሉ። ይህቺን "አዘውኝ ነው" ደጋግመው ከማለታቸው የተነሣ እኛም ቃሏን ጠላናት። ሽማግሌ ሲላክም የላኩት ይህቺኑ ነው። አያ ሲራጅ ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀብለው፣ አብልተው፣ እንዲህ ብለው መለሷቸው፦ "ያዘዘው ይዘዝ፤ እጁ የማን ነበር? ልየኝ ብዬ ስመጣ በአንሶላ የሸፈነብኝ ኃላፊው ነው? ኢጃ ላማ ቀባ፣ ሁለት ዓይን አለኝ በሉት፤ በሁለቱም አይቼዋለሁ።" በሚቀጥለው ገበያ ስናይ የጋሪያቸው አበባ በሬንጅ ተደፍኖ ነበር። ንቧም አብራ።

ከዚያ ወዲህ ጥቅምት መጣ፣ እሸት አልመጣም። በየዓመቱ ሠዓሊ ማስረሻ በእሸት ሰሞን ምክንያት ፈልገው በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ አንዴ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ሲቀቡ፣ አንዴ ያልቆሸሸ ታፔላ ሲያጥቡ። ጋሪ ሲያልፍ ቀና ይላሉ። እኛም አይተን እንዳላየን ቤታችን እንገባ ነበር። ታፔላ መጻፋቸውን ቀጠሉ፣ ሰው ግን አልሣሉም። ሥዕሉ የተሰቀለበት አዳራሽ ሲታደስ "ውሰዱልን" ተባሉና ወደ ቤት አምጥተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርገው አስቀመጡት። መሲ አግብታ ልጅ ወለደች፣ ደርቤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ፣ እሳቸውም አረጁ። አያ ሲራጅና እሳቸው ገበያ ላይ ሲገናኙ ከጭንቅላት ንቅናቄ በቀር አልነበራቸውም፤ አንድ አገር እየኖሩ፣ አንድ ውሃ እየጠጡ።

ሁለት ዓመት ያህል ኩላሊታቸውን ታመው ደሴ ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ለመዳን ተስፋ መቁረጣቸው በታወቀ ጊዜ፣ መሲን ጠርተው ሥዕሉን ከግድግዳው እንድታዞረው አዘዙ። አንድ ዓይናውን ሰው በነጭ ቀለም ደፈኑት። በዚያው ላይ፣ ጥቂት ሠርተው ብዙ እያረፉ፣ አያ ሲራጅን ፊት ለፊት እንደ ገና ሣሏቸው፤ ጥምጥማቸውን፣ ሽበት የገባውን ጢማቸውን፣ ጮጮ የያዘውን እጃቸውን። ዓይኑን ግን ተዉት። መሲ "አባዬ፣ ታስታውሳቸው የለ? ጨርሰው እንጂ" ብትላቸው፣ "በማስታወስ አልሠራም። አንዴ ሳይኖር ሠርቼበታለሁ። መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እያየኝ ነው የምሠራው" አሏት። ከዚያ ጨፋ ሮቢት ላኳት፤ የላኩትም ቃል "አዘውኝ ነው" የሚለው አልነበረም። "አጥፍቻለሁ፣ ሸፍኜብሃለሁ፤ ና ዓይንህን ልመልስልህ በይው" ነበር።

መሲ ስትነግረን፣ አያ ሲራጅ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ማሳቸውን ነው ያዩት። ከዚያ "ልጄ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩበት ቤት ባዶ እጄን አልገባም። ማሽላው እሸት ይሁንና እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሂሪያ ኮ ይጠብቀኝ በይው" አሉ። መሲ ይህን ይዛ ስትመለስ ሠዓሊ ማስረሻ ያለቀሱትን ልቅሶ በአጥሩ ሰምተነዋል፤ የሐዘን አልነበረም። ቀለማቸውን በጥብጠው ወንበሩን አቀረቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ጨፋ ለሚወርደው ሁሉ "ማሽላው እንዴት ነው? አፈራ?" ሆነ ጥያቄያቸው። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ዘግይቶ ስለ ገባ ማሽላው ዘገየ። "ገና ነው ጋሼ፣ ወተት እንኳ አልያዘም" ሲሏቸው፣ "እሱም ግትር፣ ማሽላውም ግትር" ብለው ይሥቁ ነበር። ለአንዳችንም፣ እንዲህ ወሬ ለምናመላልሰው ሰዎች፣ ጨፋ ወርደን "እሸቱ ይቅርብዎ፣ ሰውየው እየሄደ ነው" ማለት አልመጣልንም። ሁለቱም እንደ ወጉ እንዲሆን ፈለጉ፤ አንዱ ያለ ባለቤቱ ዓይን ላይሠራ፣ አንዱ ያለ እሸት በር ላይረግጥ። ሞት ግን ወግ አያውቅም።

ሠዓሊ ማስረሻ ወልደ ሩፋኤል ትናንት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባለበት በኩል ፊታቸውን አዙረው፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጧት ጀንበር ስትወጣ፣ አበባው በሬንጅ የተደፈነ ጋሪ በር ላይ ቆመ። አያ ሲራጅ ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ጋሪው ላይ ዶማና አካፋ አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የማሽላ ዛላ። ያልደረሰ ማሽላ ነው፤ ፍሬው አረንጓዴ፣ ቢጠበስ የማይበላ። እንደ ሰሙ ማሳቸው ገብተው እንዲሁ ቆርጠውት ነው የመጡት። ዛላውን ድንኳኑ በር ላይ አስቀመጡ፤ ስትገቡ አይታችሁታል፣ ማን እንዳመጣው ላላወቃችሁ ይኸው ነገርናችሁ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደው ከልጆቻቸው ጋር መቃብሩን ቆፈሩ። የሰፈሩ ወጣቶች ዶማውን ሊቀበሏቸው ቢሉ "ተዉኝ፣ እጄ ይሥራ" አሉ።

ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ መሲ "አባባ ሲራጅ፣ ሥዕሉን ያዩታል?" አለቻቸው። ገቡ። ከጨርቁ ላይ ጥምጥሙም ጢሙም የእሳቸው የሆነ፣ ፊት ለፊት የቆመ፣ ዓይን የሌለው ሰው አያቸው። ቀለሙ በየጣሳው ደርቆ ነበር። አያ ሲራጅ ወንበሩን አስተካክለው ጥምጥማቸውን አቃንተው ተቀመጡ፣ ልክ ያኔ እንደ ተቀመጡት።

"ይኸው ተቀመጥኩ፣ ሂሪያ ኮ" አሉ።

እኛ ከበሩ ላይ ነበርን። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልንም፤ ይህን ልንጽፍ ወጣን።

ሠዓሊ ማስረሻ፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ምንዳዬን፣ ልጆቻቸውን መሲንና ደርቤን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ በየመንገዱ እጃቸው ያረፈበትን የከሚሴን ታፔላ ሁሉ፣ እንዲሁም ወይዘሮ ምንዳዬ "ከቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፣ ከልጆቹም ቀጥሎ ይነበቡ" ብለው ባዘዙን መሠረት ወንድማቸውን አያ ሲራጅን ትተው ሄደዋል።

የእናንተም የእኛም አባት አብርሃም በእቅፉ ይቀበላቸው፤ በምድር ያልጨረሱትን ዓይን እዚያ ይዩት፤ ለቀረነውም እሸቱ እስኪደርስ ሳንጠብቅ በር የምንረግጥበትን ልብ ይስጠን። አሜን በሉ።